የሙዳዩ ጉንጉን

ጥቅምት 19

ዓይኔ አልጠፋም። ሥራውንም በፈቃዴ አልለቀቅኩም። በቦዩ ላይ የሚወራው ሁለቱም ሐሰት ነው።

ወሬውን ያመጣው አትክልት ሻጩ ቱዋም። ዛሬ ጠዋት ጀልባውን ከደረጃችን አስጠግቶ፣ ለእህቴ ልጅ ለዊላይ ጎመን እየመረጠ፣ «አክስትሽ ዓይናቸው ደከመ አሉ። የሙዳዩን ጉንጉን በራሳቸው ፈቃድ ለሳኢንግ አስረከቧት አሉ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ይላታል። መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ሁሉንም ሰማሁ። ደግ… ባልሰጠሁት ነገር።

አርባ አንድ ኅዳር። የቡድሃ ዐፅም ያለበት ሙዳይ ከገዳማችን ወጥቶ በጀልባ ቦዩን ሲዞር፣ እኔ የሰካሁት የጃስሚን አበባ ጉንጉን ሳይጠመጠምበት የወጣበት አንድም ዓመት የለም። ባሌ የሞተ ሰሞን እንኳ ሠርቻለሁ።

ሐሙስ ዕለት አበምኔቱ አስጠሩኝ። «እማማ ፕራዮንግ፣ ብዙ ደከሙልን። ዘንድሮ ይረፉ። ጉንጉኑን ሳኢንግ ትሥራው፤ እርስዎ ከፊተኛው ጀልባ ላይ ተቀምጠው ይዩልን» አሉኝ። እኚህን ሰው በገዳሙ ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላቸው አንዷን ፊደል ገልብጠው ነበር የሚጽፏት። አሁን መነኩሴ ናቸው፤ እግራቸው ሥር ግንባሬን ሦስት ጊዜ መሬት አስነክቼ «እሺ አባ» ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ይረፉ። ማን ዕረፍት ጠየቀ?

ቤት ስገባ መስኮቱ አጠገብ ረጅሙን መርፌ አወጣሁና ክር ሰካሁ። ያለ መነጽር። በመጀመሪያው ሙከራ… በሁለተኛው። በመጀመሪያው እጄን ንዴት እያንቀጠቀጠው ነበር። ዓይኔ ምን አጠፋ?

ጥቅምት 23

ሳኢንግ ከአዩትያ ከተማ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞት ወንድሟ ቤት ገባች። በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ የቀቀለችውን የሙዝ ኬክ በጀልባ እያዞረች ትሸጣለች። አፏ ሙሉ ሆኖ ትስቃለች። የገዳሙ ውሾች እንኳ ጀልባዋን ከሩቅ ያውቁታል።

የእሷ ደረጃ ከእኔ መስኮት ትይዩ ነው። ባልፈልግም ይታየኛል። ዛሬ ዘጠኝ ሴቶች ተቀምጠው ቅጠል ሲያጥፉ፣ እምቡጥ ሲሰኩ ዋሉ። ቆጠርኳቸው። በእኔ ጊዜ ከሁለት በልጠው አያውቁም። እነሱም ከሁለት ኅዳር በላይ አልቆዩም። ለምን? ያልተስተካከለውን ስላስፈታኋቸው። እኔስ አልፈታሁም? ጉንጉን ያስተማሩኝ መምህርት ቻሎም በቤተ መንግሥት ያደጉ ሴት ነበሩ፤ አንዲቷን ጉንጉን በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ አስፈትተውኛል። በማስመሪያው ጣቴን እየመቱ። አልቅሼ አላውቅም። ማታ ቤት ስገባ ካልሆነ።

እዚያ ማዶ ግን ይሳቃል። ጃስሚን እየሰኩ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ዊላይ ምሳ ላይ፣ «አክስቴ፣ ሄደሽ ለምን አታሳያቸውም?» አለችኝ። አልተጠራሁም አልኳት።

«ተጠርተሻል። ሳኢንግ ራሷ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ተኝታለች በያት አልሽኝ።»

ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም። ተጽፏል።

ጥቅምት 27

ዝናብ። ውሃው ሦስተኛውን ደረጃ ሸፈነ። ዘጠኝ ሳይሆን አሥራ አንድ ሴቶች።

ጥቅምት 30

ከቀትር በኋላ የማይበላበት የጾም ቀን ስለሆነ ጠዋት ለመነኮሳቱ ምግብ ይዘን ሄድን። የእኔ በኮኮናት ወተት የተሠራ የዓሣ ወጥ። ሳኢንግ ትሪዋን አምጥታ ከትሪዬ ጎን አስቀመጠች። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? አበምኔቱ ከእኔ ወጥ ሁለት ማንኪያ ወሰዱ። ከእሷ ሙዝ ሦስት ጥቅል። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን።

በኋላ ሳህን ስናጥብ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጣች። ጉልበቷን አጠፍ፣ እጆቿን ገጠም አድርጋ ሰላም አለችኝ። ሥርዓቱን ታውቃለች፤ ይህን መካድ አይቻልም።

«እትዬ ፕራዮንግ፣ የሙዳዩ ጉንጉን ርዝመቱ ስንት ነው? ሁሉንም ጠየቅኩ፤ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት ይሉኛል።»

ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር። ሙዳዩን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ በጀልባው ጎን ወርዶ ውሃውን ሊነካ ምንም እስኪቀረው። አፌ ላይ ነበር። «የተመረጥሽው አንቺ ነሽ። ዓይንሽ ይለካው» አልኳት።

ሳቀች። «የእኔ ዓይን የሚያውቀው ሙዝ መለካት ነው፣ እትዬ። ዘጠኝ ጣት፣ አሥር ጣት እያልኩ ከሠራሁት ዐፅሙ ሳይቀር ይርበዋል።» ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት? በእሷ ነው። ግን ከእሷ ጋር።

ከሰዓቱን ሙሉ ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ ሳስብ ዋልኩ። እስካሁን አልመጣልኝም።

ኅዳር 6

ዊላይ ነገ ማታ ለሙሉ ጨረቃው በውሃው ላይ የምትለቀውን የቅጠል ጀልባ ስትሠራ አመሸች። ለእኔም አንድ ሠራችልኝ። እጥፋቱ ጠማማ ነው፤ አልነገርኳትም። «ሻማውን ስትለቂ አንድ ነገር ትመኛለሽ» አለችኝ፤ ሕፃን ይመስል።

የምመኘውን አውቀዋለሁ። ሰው ፊት የሚመኙት ዓይነት አይደለም።

ኅዳር 8

ቀስ ብዬ ልጻፈው። በቅደም ተከተል።

የሙዳዩ ዙር ነገ ነው። ጉንጉኑ ዛሬ ጠዋት ተሠርቶ አልቆ፣ ውሃው ዳር ባለችው ትንሽ ዳስ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል አሉ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሰዓቱን መርጬ ነው የሄድኩት፤ መነኮሳቱ ቀትር ሳይሆን በልተው መጨረስ ስላለባቸው ሰው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስህተት ልፈልግ ነበር የሄድኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጨርቁን ገለጥኩ። እምቡጦቹ እኩል። ረድፉ ቀጥ ያለ። ቋጠሮው የት እንደገባ አይታይም። በክንዴ ለካሁ። ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር። ማን ነገራት? ቀና ስል በምሰሶው ላይ በየዓመቱ እየለካሁ ያጫጫርኩት ምልክት አየሁ። እሷም አይታዋለች። ከእኔ ጋር ልጅ ሆና ተምራ ቢሆን ኖሮ መምህርት ቻሎም ይወዷት ነበር…

አንድም ስህተት የለውም። ታዲያ ይህን ያህል እንዴት ነጣ? የትናንት አበባ ነው አልኩ። በበረዶ አስቀምጠው፣ እንደ ገበያ ሻጮቹ ሽቶ ረጭተውበታል አልኩ። ይህን ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው። ጎንበስ አልኩ። አፍንጫዬን እምቡጦቹ ውስጥ ከትቼ በረጅሙ ሳብኩ።

የዛሬ ጠዋት አበባ ነበር። ጤዛው እንኳ አልለቀቀውም።

ከዚያ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ። ለቡድሃ የሚቀርብን አበባ ሰው አያሸትም። ይህን የአራት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። የተሸተተ አበባ ሰው የጠገበበት ነው፤ ትርፍራፊ ነው፤ ለእሱ አይቀርብም። መምህርት ቻሎም ሥራ ስንጀምር መሐረብ አፍንጫችን ላይ ያስሩብን ነበር። በአርባ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ልጆች ደረጃ ላይ ሲያሸቱ ስይዝ እጃቸውን መትቻለሁ።

ማንም አላየኝም። አንድ ውሻ ነበር፤ ተኝቷል።

ዝም ብል? ሙዳዩ ነገ እኔ ቀድሜ በቀመስኩት አበባ ተጠምጥሞ ይዞራል። እኔ ብቻ አውቃለሁ። አበምኔቱን ብጠይቃቸው ዋናው ልብ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ዘመናዊ ናቸው። ግን ይህን ለመስማት መናገር ያስፈልጋል። ደግሞ ሌላም አለ… ለአንድ አፍታ፣ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፣ «ጉንጉኗ ተበላሸ» ብዬ ደስ አለኝ። ተጽፏል፤ አልሰርዘውም።

ሳኢንግ እጇን እየጠረገች ከአዳራሹ መጣች። አየችኝ። የተገለጠውን ጨርቅ አየች።

«አሽትቼዋለሁ» አልኳት።

ለምን አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። «የቱ ጋ?» አለች።

«መሃሉ ላይ። ግን ሁሉም የተሰካው በአንድ ክር ነው።»

«አዎ፤ አንድ ክር ነው» አለች። መቀሱን አነሣች።

ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው እምቡጥ ለአምስት ክንድ ቢበቃ ነው። የአበባው ገበያ ጎህ ሲቀድ አልቋል። ሴቶቹን እንጥራ፤ ግቢያቸው ያለውን ይልቀሙ አልኳት። «ምን ብዬ ልጥራቸው?» አለችኝ። አብሬሽ ልቀመጥ አልኩ። እጄን ተመለከተች። «ይሂዱ፣ እትዬ። ይረፉ። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

እሷም ይረፉ አለችኝ።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። የተቆረጠውን ጉንጉን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ይሄ እንግዲህ የእርስዎ ነው።» ስድብ ነው? ስጦታ ነው? ፊቷን አየሁ፤ ምንም አይነበብበትም። አሁን መኝታ ክፍሌ ውስጥ በሳህን ውሃ ላይ ተኝቷል። ዊላይ ማን ሰጠሽ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሽታው ቤቱን በሙሉ ሞላው። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሠርቻለሁ? ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

ኅዳር 9

ዙሩ አለቀ። እግሬ አብጧል።

ከፊተኛው ጀልባ ላይ፣ ጥላ ተይዞልኝ፣ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። ሙዳዩ ከኋላዬ ነበር። ዞር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፤ የሰዉን ፊት ማየት በቃኝ። ጉንጉኑ ሙዳዩን ሁለት ዙር እንኳ በወጉ አልዞረም። ወደ ውሃ የሚወርድ ጫፍ የለውም። ከየደረጃው ሰው እጁን እየገጠመ ይሰግዳል፤ ከዚያ ቀና ይልና ያያል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ይተያያል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንዲት ባልቴት፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ፣ «በእትዬ ፕራዮንግ ጊዜ ውሃ ይነካ ነበር» አለች። ሌላዋም ተቀበለች። እስከ ወንዙ መግቢያ ድረስ እንዲሁ ሆነ። በእትዬ ፕራዮንግ ጊዜ። በእትዬ ፕራዮንግ ጊዜ።

ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅኩ? ዛሬ ሲሉት ቀና ብዬ ልቀበለው አልቻልኩም።

ሳኢንግ ሦስተኛው ጀልባ ላይ ትቀዝፍ ነበር። ምሳ ላይ ከሴቶቹ አንዷ፣ ምን ነካሽ፣ ልክ ነበር እኮ፣ ትናንት አይተነው ወጣን አለቻት። አሁን ትናገራለች አልኩ። ሳኢንግ ሩዟን እያኘከች፣ «ውሃ ሳልረጭበት ትቼው ጠወለገብኝ፤ ግማሹን ጣልኩት። ሙዝ ሻጭ አበባ ስትይዝ እንዲህ ነው» አለች። ሳቀች። ከሌላው ቀን ያጠረ ሳቅ ነበር። ወደ እኔ አልዞረችም። አንድ ጊዜም።

ኅዳር 12

ማዶ ደረጃዋ ላይ ማንም የለም። ትናንት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ባዶ። የቱሪስት ጀልባ ባለፈ ቁጥር ማዕበሉ ያጥበዋል፤ የሚረጥብ ሰው የለም።

ቱዋም ለዊላይ፣ «ያቺ ሴትዮ ለሳቅ እንጂ ለሥራ አልተፈጠረችም። ቅዱስ ነገር በሰነፍ እጅ ገባ» ሲላት ሰማሁ። ይህ ጣፋጭ መሆን ነበረበት። ነው ወይ? ትንሽ ነው። መዋሸት አልችልም፣ ትንሽ ጣፈጠኝ። ከዚያ አፌ መረረ።

አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ። «አሸተቱት» ብትል ብቻ። ቦዩ በሙሉ የሚፈርደው ለእሷ ነበር፤ እኔን ደግሞ መጥላት ይቀላቸዋል። እኔም እሷን መጥላት እችል ነበር፤ አሳጣችኝ ብዬ በሰላም እጠላት ነበር። እሱንም ከለከለችኝ። ዝም ማለትን ማን አስተማራት? ሙዝ ስትጠቀልል ነው የተማረችው? እኔ በማስመሪያ እየተመታሁ፣ ሰባ ዓመት ስማር ኖሬ፣ አልቻልኩትም።

በጉንጉኑ ቀናሁባት። በሴቶቹ ቀናሁባት። አሁን ደግሞ በዝምታዋ። ይህ የቀደሙትን ሁሉ ይበልጣል፤ እንቅልፍ አይሰጥም።

ኅዳር 14

አበምኔቱ ጠዋት የምጽዋት ጀልባቸውን ከደረጃዬ ሲያስጠጉ፣ ሩዙን በምጽዋት ሳህናቸው ውስጥ ጨምሬ ስጨርስ፣ ከሰዓት ብቅ ይበሉ አሉኝ። ሄድኩ።

«ተሳስቻለሁ፣ እማማ ፕራዮንግ። ሕዝቡም ቅር ብሎታል። ለከርሞ ጉንጉኑ ወደ እርስዎ ይመለስ። ለሳኢንግ እኔው እነግራታለሁ፤ አትቀየምም፤ የዋህ ናት» አሉ።

ይኸው። በቅጠል ጀልባዋ ላይ የተመኘሁት። አንድም ሳይጎድል።

እሺ ማለት ነበር የቀረኝ። አፌን ከፈትኩ። «አስቤበት ነገ መልስ እሰጣለሁ፣ አባ» አልኩ። ግራ ገባቸው። እርስዎ ያስባሉ እንዴ፣ ሁልጊዜ የሚያውቁ ነዎት ብለው ፈገግ አሉ። ልጅ ሆነው መልሱን ሳያውቁት ሲቀሩ እንዲሁ ነበር ፈገግ የሚሉት።

ቤት ገብቼ ለዊላይ ሁሉንም ነገርኳት። ከዳሱ ጀምሬ። የምታጥበው ጎመን እጇ ላይ እንዳለ ቆማ ሰማችኝ። አልነቀፈችኝም። ሐዘንም አላሳየችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። «አክስቴ፣ አሁን ብትናገሪ ምን ይጠቅማል? እሷ እኮ ዝም ብላልሻለች» አለችኝ።

«ለዚያ ነው» አልኳት።

አልገባትም። ንስሐ መሰላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ንስሐ አይደለም። ወይም እሱ ብቻ አይደለም። ያቺ ሴት ከዚህ በኋላ ባየኋት ቁጥር፣ ሙዝ ሸጣ ስታልፍ፣ ከእኔ የበለጠች ሆና እንድታልፍ አልፈልግም። ጉንጉኑን ትውሰድ። ብቻዋን ጨዋ ሆና ግን አትቀመጥም።

ማዶ እያየሁ ነው የምጽፈው። ደረጃዋ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ቅጠል ትጠርጋለች። እጇ ፈጣን ነው። አንዱን ጠርጋ ሳትጨርስ ሌላው በእጇ አለ። ይህን አስተውዬ አላውቅም ነበር… አስተውያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ።

ነገ የጾም ቀን ነው፤ ሁሉም አዳራሽ ይገኛል። ስለዚህ፦

በመጀመሪያ፣ መነኮሳቱ ለምግብ ሳይቀመጡ ወደ አበምኔቱ። «ጉንጉኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ አሸተትኩት» ማለት። «ሳላስበው» የሚል ቃል እንዳይገባ መጠንቀቅ። ለከርሞም እሷ ትሥራው ብሎ መጨረስ።

ቀጥሎ አዳራሽ፣ ለሴቶቹ። ቆሜ። ጆሮ የከበዳቸው ከኋላ ስለሚቀመጡ ድምፅ ከፍ አድርጎ። አለማልቀስ።

ከዚያ ዊላይን ሳልልክ፣ ራሴ ቀዝፌ ወደ ሳኢንግ ደረጃ። ምን እላታለሁ? ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። ካልወጣ ሙዝ ስጪኝ እላታለሁ። ሁለት ጥቅል። ስድስት ዓመት አልቀመስኩላትም። እዚያው ደረጃዋ ላይ ተቀምጬ፣ እያየችኝ፣ እበላዋለሁ።